የሥሩ ማርከሻ

ጠጋ በሉ። አውድማው ሰፊ ነው ብላችሁ አትበታተኑ፣ ጠጋ በሉ። እህሉን የሚሰርቅ ዛሬ አይመጣም። እንዲህ ባለ ጨለማ ሌባም ቤቱ ያድራል።

እንዲህ ያለ ጨለማ ነበር። ጨረቃ የለች፣ ኮከብ የለ። ጥቅምት አልቆ ኅዳር የገባበት ጊዜ ነው፤ ማሽላው ደርሷል። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ውሻ እንኳ አይጮህም። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጨለማ፣ አንድ ሰው በጅረቱ መንገድ ይሄዳል። ብቻውን! ችቦ የለው፣ ጓደኛ የለው። በግራ እጁ ዱላ ይዟል። በቀኝ እጁስ ምን ይዟል? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

አገሩን አልነግራችሁም። ዘሮቻቸው አሉ፤ ዛሬም ያርሳሉ፣ ዛሬም በድንበር ይካሰሳሉ። የሰውየው ስም ግን ቢያድግልኝ ነው። ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። ይህን ልብ በሉ። ጎበዝ ገበሬ ነው፣ ጾሙን ጿሚ ነው፣ ሚስቱን ሽታዬን አንድ ቀን መትቷት አያውቅም። ሦስት ልጅ ቀብሯል። ሦስቱም ጥርስ ሳያበቅሉ ነው የሞቱት። አራተኛዋ ስመኝ ብቻ ተረፈችለት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሲያርስ ከኋላው ትሄዳለች፣ ሲበላ ከጉልበቱ አትጠፋም።

ታዲያ ይህ ሰው ከአባቱ የወረሰው አንድ ነገር ነበረው። የእባብ መድኃኒት። ጣት የምታህል ደረቅ ሥር ናት፤ በጨርቅ ተጠቅልላ ከአልጋው ራስጌ፣ ከማገሩ ላይ ታስራለች። ከጅረቱ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር እማሆይ ብርቄ የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ፣ መድኃኒት አዋቂ። ለአባቱ የሰጡት እሳቸው ናቸው። እባብ የነደፈው ሰው ከሥሯ ቁራሽ ያኝካል። ያስታውከዋል፣ ያልበዋል፣ ይድናል። አገሩ ቆላ ቀመስ ነውና እባቡ ብዙ ነው። አባቱ በሕይወት ሳሉ ስንት ሰው አድነዋል! ለማንም እንቢ ብለው አያውቁም። ለማንም።

ከቢያድግልኝ ማሳ አጠገብ ጓንጉል የሚባል ሰው ያርስ ነበር። በሁለቱ መካከል አንዲት ቀጭን መሬት ነበረች። በሬ ገብቶ መዞር አይችልባትም፣ እንዲህ ናት ጥበቷ። ይህችን መሬት አንዱ «የኔ ናት» አለ፣ ሌላውም «የኔ ናት» አለ። ሦስት ዓመት ተካሰሱ። ሦስት ዓመት ሰላምታ ተነፋፈጉ። በሦስተኛው ዓመት ጓንጉል በሽማግሎች ፊት ተነሥቶ ምን አለ?

«ድንበር የሚገፋ ሰው ልጅ አያድግለትም!» አለ።

ሦስት ልጅ ለቀበረ ሰው፣ ስሙ ቢያድግልኝ ለሆነ ሰው፣ እንዲህ ይባላል? አይባልም። ተባለ ግን። ቢያድግልኝ ተነሣ። ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቃል ሆዱ ውስጥ ተቀመጠ።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ሌሊት ቢያድግልኝና ሽታዬ ተኝተው ሳለ፣ ከደጅ ሰው ተጣራ።

«ቤቶች!»

ሽታዬ ነቃች። «ሰው ይጣራል» አለች።

«ዝም በይ» አላት። እሱ ቀድሞ ነቅቷል።

«ቤቶች! ቢያድግልኝ! እባብ ነደፈኝ! ከሥሯ ቁራሽ ስጠኝ!»

«ጓንጉል ነው! እባብ ነው የሚለው!» ብላ ልትነሣ ስትል፣ ቢያድግልኝ እጁን አፏ ላይ አደረገ። አጥብቆ ያዛት። ጓንጉል በሩን መታ። እንደገና መታ።

«መሬቱን ውሰደው! ውሰደው ወንድሜ፣ አልፈልገውም! ቁራሽ ብቻ ስጠኝ!»

ወንድሜ አለው። ሦስት ዓመት ሰላም ያላለውን ሰው ወንድሜ አለው። ቢያድግልኝ ምን አሰበ? «ተንኮል ነው፤ በሩን ስከፍት በጦር ሊወጋኝ ነው» ብሎ አሰበ። እውነት እንዲያ ብሎ አሰበ? ወይስ እንዲያ ብሎ ራሱን አታለለ? እሱ ያውቃል። ሥሯ ከራሱ በላይ ታስራለች። እጁን ቢዘረጋ ይደርስባታል። አልዘረጋም።

በሩ ሲቧጠጥ ሰሙ። ትንሽ ቆይቶ አንድ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ ሰሙ። ኮቴው ራቀ። ሌሊቱ ዝም አለ።

ጠዋት ጓንጉል በጅረቱ መሻገሪያ ላይ ተገኘ። ወደ እማሆይ ሊሄድ ነበር። አልደረሰም። በግንባሩ ተደፍቷል፣ እግሩ እንደ ግንድ አብጦ ጠቁሯል።

በለቅሶው ላይ ቢያድግልኝ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከለቀስተኛው መካከል ገብቶ ደረቱን መታ። «ምነው እኔን በጠራኸኝ! ምነው በሬን በመታኸው!» እያለ አለቀሰ። የጓንጉል ሚስት አንጓች ቀና ብላ አየችው።

ሰው ግን ዕውር አይደለም። የጓንጉል ዱካ ከቢያድግልኝ ደጅ ድረስ መጥቶ ተመልሷል፤ ጠዋት ያየ አይቷል። ማንም «አንተ ገደልከው» አላለውም። ግን ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት ሰው ጠፋ። ጠላ ቤት ሲገባ ወሬው ይቆማል። እሱም ሥሯን ማየት አልቻለም። ሲተኛ ከራሱ በላይ ናት፣ ሲነሣ ከራሱ በላይ ናት። አንድ ቀን ፈታትና ወስዶ ወንዝ ውስጥ ጣላት። ባዶውን ጨርቅ መልሶ ከማገሩ አሰረ፤ ለሚስቱም አልነገራት።

ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን ወደ ጀመርኩላችሁ ሌሊት መጣን።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስመኝ የማሽላ አገዳ ልትሰብር ማሳ ገባች። ጮኸች። አባቷ ሮጦ ሲደርስ ተረከዟን ይዛ ተቀምጣለች። እባቡን አላየውም፣ ሣሩ ሲነቃነቅ ብቻ አየ። ተሸክሟት ቤት ገባ። እግሯን ከጉልበቷ በታች በመቀነት አሰሩት።

«ሥሯን አምጣ!» አለች ሽታዬ።

ቢያድግልኝ አልተንቀሳቀሰም።

«ሥሯን አምጣ እንጂ! ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

«የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ጣልኳት።»

ሽታዬ አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም። ስለ ምን እንደጣላት አልጠየቀችውም፤ ገብቷታል። «ሂድ» ብቻ አለችው። «እማሆይ ዘንድ ሂድ። ሩጥ።»

ልጅቱን ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ከተንቀሳቀሰች መርዙ ወደ ልብ ይሮጣል። እማሆይም አርጅተዋል፣ ዳገት አይወጡም። ጎረቤቱን «አብረን እንሂድ፣ ጨለማ ነው» አለው። ጎረቤቱ ከበሩ ሳይወጣ «ለጓንጉል ማን ሄደለት?» አለው። ሌላውም ቤት ሄደ። «እግዜር ይማርልህ» ብለውት በሩን ዘጉ። ስለዚህ ብቻውን ሄደ።

እማሆይ ብርቄ ከእሳት ዳር ተቀምጠው አገኛቸው። ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ነገራቸው።

«ብቻህን ነው የመጣኸው?» አሉት።

«አዎ፣ እማሆይ።»

«አገር ሙሉ ሰው እያለ?»

መሬት መሬት አየ።

«ላባትህ የሰጠኋት ሥርስ?»

«ብል በላት፣ እማሆይ።»

አዩት። «ያን ሥር ብል አይበላውም» አሉ። ቢሆንም ተነሥተው ከጓዳ ገቡ፤ ሥር አምጥተው በኮባ ቅጠል ጠቀለሉለት፣ በጥቁር ክር አሰሩለት።

«ስማኝ» አሉት። «የመርዙ ማርከሻ ይህ ሥር ነው። የሥሩ ማርከሻ ደግሞ ቃል ነው። ከእጄ ከተቀበልክበት ጊዜ ጀምሮ ልጅህ አፍ ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ሰው ቢጠራህ አቤት አትበል። ሰላም ቢልህ አትመልስ። ብትናገር የያዝከው እንጨት ነው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«በጅረቱ በኩል አትሂድ። ዙረህ ሂድ።»

«ዙሬ ከሄድኩ ይነጋል፣ እማሆይ። እሷ ንጋትን አታይም።»

እማሆይ አማተቡ። «እንግዲያው አፍህን ጠብቅ» ብለው ሥሩን በቀኝ እጁ አስያዙት።

አያችሁ? በቀኝ እጁ የያዘው ያ ነው።

ቁልቁለቱን ወረደ። ከእግሩ በቀር የሚሰማ የለም። ጅረቱ አካባቢ ሲደርስ ከኋላው አንድ ሰው ሳለ።

እህህ።

ቆመ። ያም ዝም አለ። ሄደ። ከኋላው ኮቴ ሰማ። ጠብ፣ ከዚያ ሽሽሽ። ጠብ፣ ሽሽሽ። አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ እግር ይጎተታል። አልዞረም። እናንተ ብትሆኑ ትዞራላችሁ? ሥሩን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሄደ።

«ቤቶች!»

በዚያ ጅረት ምን ቤት አለ? ቤት የለም፣ ዋሻ እንኳ የለም። ድንጋይና እሾህ ነው።

«ቤቶች!»

ከንፈሩን ነከሰ። ኮቴው እየቀረበ መጣ። አጠገቡ ሆነ። ከዚያ ያ ድምፅ፣ እንደ ሰው፣ እንደ ጎረቤት፣ ለስለስ ብሎ መጣ።

«ቢያድግልኝ፣ ከየት ነው በሌሊቱ? እንዴት አመሸህ?»

ዝም።

«አሁንም ሰላምታህን ነሣኸኝ?»

ዝም።

«ምን ይዘሃል? ሸተተኝ እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሽታ ስፈልግ ነበር። ቁራሽ ስጠኝ። እግሬን አመመኝ፣ ቢያድግልኝ።»

ሊሮጥ ፈለገ። መንገዱ ግን ድንጋይ ነው፣ ቢወድቅ ሥሩ ይጠፋል። በዱላው እየዳሰሰ ሄደ። የሆነ ጊዜ ላይ ኮቴው ቆመ፤ ድምፁም ጠፋ። «እፎይ፣ ተወኝ» ብሎ በሆዱ አሰበ። ወዲያው ከፊት ለፊቱ፣ ከቁጥቋጦው ሥር፣ የልጅ ለቅሶ ሰማ።

«አባዬ!»

የስመኝ ድምፅ ነው! የራሷ! ሲያማት እንደምታለቅሰው ሆና ታለቅሳለች።

«አባዬ፣ እናቴ ተሸክማኝ መጣች። ደክሟት እዚህ አስቀመጠችኝ። አባዬ፣ አይታየኝም፣ የት ነህ? አቤት በለኝ!»

አባት ናችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ? አፉ ተከፈተ። «አለሁ» ሊል ምላሱ ተነሣ። በዚያች ቅጽበት ልጅቱ ደግማ ጠራችው።

«ና እንጂ፣ ወንድሜ!»

ልጅ አባቷን ወንድሜ ትለዋለች? አፉን ከደነ። ከንፈሩን በጥርሱ እስኪደማ ያዘው። ያ ለቅሶ ቀስ እያለ ወደ ሳቅ ተለወጠ። የሚያስቅ ነገር ያየ ሰው እንዲያ አይስቅም። ጥርሱን የነከሰ፣ የጠላ ሰው ሳቅ ነው።

መሻገሪያው ላይ ደረሰ። በውኃው መካከል መረገጫ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ግንድ የተጋደመ መሰለው። ጎርፍ ያመጣው ግንድ ነው ብሎ እግሩን አነሣ። ግንዱ ጣት አለው። አምስት ጣት። እግር ነው! ቀና ሲል ጓንጉል ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፤ ያን ያበጠ እግሩን በመንገዱ ላይ ዘርግቷል። ፊቱ ላይ የተደፋበት ጭቃ እንዳለ ነው። አፈሩ በዓይኑ ሽፋሽፍት ላይ ደርቋል።

«እለፍ» አለው። «ያኔም አልፈኸኛል።»

ሌላ መሻገሪያ የለም። ቢያድግልኝ ያን እግር ተራመደው። ሲራመደው ከታች የመጣው ብርድ እስከ ጭኑ ወጣ። ያ ጭኑ ከዚያ በኋላ ሙቀት አልተሰማውም ይባላል።

ዳገቱን ወጣ። ቤቱ ታየው። በበሩ ስንጥቅ የእሳት ብርሃን ያያል። «ደረስኩ» አለ በሆዱ። ደጁ ላይ ቆሞ በሩን መታ።

«ማነው?» አለች ሽታዬ ከውስጥ።

ምን ይበል? ደግሞ መታ።

«ማነው? ቢያድግልኝ ነህ?»

መታ። በሁለት እጁ መታ። በዱላው መታ።

«ቢያድግልኝ ከሆንክ ተናገር!»

እሷ ምን ታድርግ? ያን በር በሌሊት ሲመታ ሰምታ ታውቃለች። በዚያ በር ሳይከፈትለት የሄደ ሰው ታውቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ነፋስ በሩን ሲገፋው እንኳ ከእንቅልፏ ትባንን ነበር። ባሏ ከሆነ ለምን አይናገርም?

ቢያድግልኝ አጠገቡ የሆነ ነገር ሲቀመጥ ሰማ። ጓንጉል በሩን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ እግሩን ዘረጋ።

«አይከፈትልህም» አለው። «ይህን በር እኔ አውቀዋለሁ።»

ከዚያም ጮኸ። ከቤት ውስጥ እንዲሰማ አድርጎ፣ በራሱ በጓንጉል ድምፅ ጮኸ።

«ቤቶች! ቁራሽ ስጡኝ! ወንድሜ፣ ቁራሽ ስጠኝ!»

ሽታዬ እሪ አለች። ሙቀጫውን እየገፋች ከበሩ ኋላ ስትደግፍ ይሰማዋል። «ሂድ! በማርያም ሂድ! ልጄን ተውልኝ!» ትላለች። ስመኝ ስታቃስት ይሰማዋል። ማቃሰቷ እያጠረ ነው። አንዴ ታቃስታለች፣ ትቆያለች። ደግሞ ታቃስታለች፣ የበለጠ ትቆያለች።

ቢናገር ሥሩ ይረክሳል። ባይናገር በሩ አይከፈትም። ምን ታደርጋላችሁ? ንገሩኝ እስቲ፣ ምን ታደርጋላችሁ?

ቢያድግልኝ ቤቱን ዞረ። ከመደቡ በኩል፣ ልጅቱ ከተኛችበት አጠገብ፣ ጭቃው የተፈረፈረ የግድግዳ ቦታ ነበር። በጥፍሩ ይቆፍር ጀመር። ጭቃው ወደቀ። ማገሩን በትከሻው ገፋ፤ ስንጥር ሆኖ ተሰበረ። እጁን የሚያስገባ ቀዳዳ ወጣ። ሥሩን እንደ ያዘ ቀኝ እጁን አስገባ።

ሽታዬ ከልጇ ራስጌ ማጭድ ይዛ ቆማለች። ብረት መንፈስ ያባርራል ብለው አስተምረዋታል። ከግድግዳው ውስጥ ጭቃ የለበሰ እጅ ወጥቶ ወደ ልጇ ፊት ሲሄድ አየች።

መታችው።

ሁለት ጣት ወደቀ። ቢያድግልኝ አልጮኸም። ሰማችሁ? ሁለት ጣቱ በማጭድ ተቆርጦ፣ አልጮኸም። ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጭቶ ጩኸቱን ዋጠው። ሥሩ መደቡ ላይ ወደቀ።

ሽታዬ ደግማ ልትመታ ማጭዱን አነሣች። ደሙ ፊቷ ላይ ፈናጠረ። ትኩስ ነው። መንፈስ ደም አለው እንዴ? ወደ መደቡ ስታይ የኮባ ቅጠል አየች፣ ጥቁር ክር አየች። ማጭዱ ከእጇ ወደቀ።

አላለቀሰችም፤ ጊዜ የላትም። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሥሩን አኝካ በልጇ አፍ ጨመረች። የልጅቱን ጉንጭ እያሸች «ዋጪ፣ ስሜ፣ ዋጪ» አለች። ስመኝ ዋጠች። ቆየች። ከዚያ ሰውነቷ ተንፈራገጠና አስታወከች። ጥቁር ነገር፣ እንደ ቡና አተላ ያለ። አስታውካ አስታውካ ዓይኗን ገለጠች።

በዚያን ጊዜ ቢያድግልኝ፣ በቀዳዳው ልጁ ዓይኗን ስትገልጥ ሲያይ፣ ያን የዋጠውን ጩኸት ሁሉ ባንድ ጊዜ ለቀቀው። ከማዶው ቀበሌ ድረስ ተሰማ ይላሉ። ሽታዬ ሙቀጫውን ገፍታ በሩን ስትከፍት፣ ደጁ ላይ ከባሏ በቀር ማንም አልነበረም።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስመኝ ራሷ ናት። እኔ ሳውቃት ጥርሷ ያለቀ ባልቴት ነበረች። ተረከዟን ገልጣ አሳይታኛለች፤ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለበት።

በዚህ ያለቀ መሰላችሁ? አላለቀም።

ሲነጋ ቢያድግልኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ሽማግሎች ዘንድ ሄደ። ድንጋይ ተሸክሞ ከፊት እሱ፣ ከኋላ ሽማግሎቹ ሆነው አንጓች ደጅ ደረሱ። ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ከእግሯ ሥር ተንበረከከ። የሌሊቱንም የያኔውንም ሁሉ ነገራት።

«ሰምቼዋለሁ» አላት። «አልተኛሁም ነበር። ሥሯ ከራሴ በላይ ነበረች። መሬቱን ውሰደው አለኝ፣ ወንድሜ አለኝ፣ ዝም አልኩት። ሽታዬ ልትከፍት ስትል አፏን የያዝኩት እኔ ነኝ። በለቅሶው ላይም ዋሸሁ።»

ሽማግሎቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ልጅህ ዳነች?» አለችው አንጓች።

«ዳነች።»

«ተመስገን» አለች። «ልጅ ምን አደረገች።»

«ይቅር በይኝ፣ አንጓች» አላት።

«እኔ በርህን መታሁ? እኔ ነኝ ቁራሽ የለመንኩህ? የለመነህን ጠይቀው።»

«ኧረ አንጓች!» አሉ ሽማግሎቹ። «የሞተ ሰው በምን አፉ ይቅር ይላል?»

«ሌሊቱን በየትኛው አፉ ሲያናግረው አደረ?» አለችና ገብታ በሯን ዘጋች።

ሽማግሎቹ «ቁጣዋ ይብረድ፣ ሳምንት እንመለሳለን» አሉት። ደህና አሉ። የሚሰማ ቢኖር ደህና ነበር። ቢያድግልኝ ግን ቤቱ ገብቶ ልጁን ሳማት፤ ማምሻውን ጋቢውን ለበሰ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው ሽታዬ።

«ልጠይቀው።»

«ብቻህን አትሄድም! እኔ እከተልሃለሁ።»

«ልጅቱን ለማን ትተሻት? ደግሞም እሱ ሲሞት ማን አብሮት ነበር?» ብሏት ወጣ። ጎረቤቶቹም አዩት። ወደ ጅረቱ ሲወርድ አዩት። አሁንም ማንም አልተከተለውም።

ሲነጋ አልተመለሰም። ሽታዬ እሪ ብላ አገሩን ሰበሰበችው። ወርደው ሲያዩ፣ ከመሻገሪያው ወዲህ ሣር ባለበት ቦታ ቁጭ ብሎ አገኙት። ሞቷል። ቀኝ እግሩ እስከ ጭኑ አብጦ ጠቁሯል። አፉ ክፍት ነው፣ ነገር ጀምሮ እንዳቋረጠ ሰው። ከፊት ለፊቱ ደግሞ፣ በጤዛው ላይ፣ ሌላ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ያደረበት ሣር ተኝቷል። መቀመጫው ይታያል፣ የተዘረጋ እግሩ ይታያል። ከዚያ የሄደ ዱካ ግን የለም። ወደዚያ የመጣ ዱካም የለም።

ምን ተባባሉ? ተታረቁ? ማን ያውቃል?

አንጓች መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ጎንበስ ብላ የቢያድግልኝን ዓይን በእጇ ከደነች። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

«ይቅር ብዬው ነበር» አለች። «ልጁ ዳነች ሲለኝ ነው ይቅር ያልኩት። ሳምንት ሲመለስ እነግረዋለሁ ብዬ፣ ትንሽ ይቃጠል ብዬ ነው። አፌ ላይ ነበረች። ቃሏ አፌ ላይ ነበረች!»

ይህን እያለች ስትጮህ ሰው ይዞ ቤቷ አስገባት። እስክትሞት ድረስ ያንኑ ትል ነበር። ለቂም ማርከሻው አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏን ግን በጊዜዋ ካልሰጧት ምን ትሠራለች? ለሬሳ መድኃኒት ቢያጠጡት ይነሣል?

ከዚያ ወዲህ በዚያ ጅረት ሌሊት ሌሊት ሁለቱ ሙታን አብረው ነው የሚሄዱት። ስትሰሙኝ ነበር? ሁለት! አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የፊተኛው እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው፤ እንዴት አመሻችሁ ይላል፣ ከእሳቱ ልሙቅ ይላል። ሰው ነው ብለው ቦታ የሰጡት አሉ። ስለዚህ በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። የሚሄድ ካላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የተጣላችሁት ሰው ቢሆን እንኳ ይዛችሁት ሂዱ። ከሱም ጋር ሳትታረቁ አትደሩ።

ቆይ።

ያ ማነው፣ በታች በኩል የሚመጣው? አያችሁት? አትጥሩት። ዝም በሉ፣ እንዳትጠሩት። እሳቱን አዳፍኑት።

መንገደኛ ነው አልክ? ብቻውን ነው አልክ?

ደህና አድርገህ እየው። ከኋላው።